የወይን ነገር ወይን በሌለበት አገር

በሰው አገር፣ በሰው ቤት ደፋ ቀና የምትሉ እኅቶቼና ልጆቼ፤ በዚህ ዕትም ይዤላችሁ የመጣሁት ከደማምና ከኾበር የተመለስሁበትን የጉዞ ወሬ ነው። ርእሱን አይታችሁ «አባ ደግሞ ወይን በማይሸጥበት አገር የምን ወይን አገኙ?» ብላችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። ታገሡኝ፤ ወይን የሌለበት አገር ስለ ወይንም፣ ስለ ገዛ ገላችንም ብዙ ያስተምራል።

የባሕሩ ዳር ከተሞች

ወደ ደማም የሄድሁት በኅዳር ወር ነው፤ ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው ማታ ማታ ወደ ባሕሩ ዳር የሚወጣበት ጊዜ። የወንድሜ ልጅ በዚያ አገር ሹፌር ነውና «ና፣ አገሩን እይ» ብሎ ጠራኝ። ጥምጣሜን አውልቄ፣ መስቀሌን ከቤት ትቼ፣ ኮቴን ደርቤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተሳፈርሁ። የአገሩ ሕግ ከእስልምና በቀር ሌላ አምልኮ በአደባባይ አይፈቅድም፤ እንግዳ ደግሞ የገባበትን ቤት ሥርዐት ያከብራል።

ከአውሮፕላኑ ስትወርዱ በመጀመሪያ የሚያስደንቀው የቦታው ስፋት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የንጉሥ ፋህድ አየር ማረፊያ ይዞታው 776 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው ይባላል። የኛ አዲስ አበባ ከነመንደሯ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናትና፣ አገሩ ምን ያህል ሜዳ እንዳለው ከዚህ ገምቱ። እናንተ ግን ያን ቀን ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ አልነበራችሁም። ፓስፖርታችሁን ሰጥታችሁ፣ ስማችሁ እስኪጠራ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ፣ የማታውቁት መኪና ውስጥ ገብታችሁ ነው ያለፋችሁት። ስለዚህ እናንተ ኖራችሁበት ያላያችሁትን አገር እኔ እንግዳው ልንገራችሁ።

ደማምና ኾበር ዛሬ በመብራትና በሰፋፊ መንገድ የተያያዙ ከተሞች ቢሆኑም ዕድሜያቸው ረጅም አይደለም። በ1923 እ.ኤ.አ. የደዋስር ነገድ ሰዎች ከባሕሬን ተሻግረው ሲሰፍሩባቸው ዓሣ የሚጠመድባቸውና ሉል ከባሕር የሚወጣባቸው የዳርቻ መንደሮች ነበሩ። ከዚያ በኋላ እዚያው አጠገብ በዘህራን ኮረብታ ላይ ጉድጓድ ይቆፈር ጀመር። ስድስቱ ጉድጓዶች ተስፋ የተጣለባቸውን ያህል አልሰጡም፤ ሰባተኛው ግን በመጋቢት ወር 1938 እ.ኤ.አ. ከ1,400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ዘይቱን አፈለቀው። ዛሬ «የበረከት ጉድጓድ» ብለው የሚጠሩት እርሱን ነው። እናንተ የምታጥቡት ንጣፍ፣ የምትወለውሉት መስተዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጓራው የቤት ማቀዝቀዣ ሁሉ የተገኘው ከዚያ ጉድጓድ ወዲህ፣ በአንድ አረጋዊ ዕድሜ ውስጥ ነው።

የወንድሜ ልጅ የሚሠራው በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ከደማም ወደ ኾበርና ወደ ዘህራን በሚወስደው በኩል ያለ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ሲሠራ ከከተማ ውጭ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ከተማው ግን አድጎ መጥቶ ከበበው። ጠዋት ስንገባ የሕንድ፣ የባንግላዴሽና የኔፓል ወንዶች ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፤ ማታ ስንወጣ በዚያው አውቶቡስ ይመለሳሉ። አንድም ሴት አላየሁም። እናንተ ከግንብ ወዲያ ናችሁ፤ እነርሱ ከግንብ ወዲህ፤ አገሩን ግን ሁለታችሁም ተሸክማችሁታል።

በመዳፍ የሚቀመስ

አንድ ምሽት የወንድሜ ልጅ አሠሪ «የአጎትህን ፊት ልይ» ብሎ ቡና ጠራን። የምሥራቁ ቡና እንደኛ ጥቁር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ እናንተ ናችሁና በየዕለቱ የምታፈሉት። ለጋ ተቆልቶ፣ ሄል ገብቶበት፣ አንዳንዴም ዘፈራን ተጨምሮበት፣ ወርቅ መስሎ በደላ ይቀርባል። አጠገቡ ከአሕሳእ የመጣ ኸላስ ተምር አለ። አሕሳእ ከደማም ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለች የውኃ ምንጭ አገር ናት፤ 2.5 ሚሊዮን ያህል የተምር ዛፍ ይዛ በ2018 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ቀጂው ደላውን በግራ፣ ፊንጃሉን በቀኝ ይዞ ቆመ። ከእንግዳው በፊት ግን ባለቤቱ አንድ ፊንጃል ራሱ ጠጣ። የወንድሜን ልጅ ጠየቅሁት። የመጀመሪያው ፊንጃል «ሃይፍ» እንደሚባል፣ የቤቱ ጌታ ቀምሶ ቡናው ነውር እንደሌለበት ለእንግዳው የሚያሳይበት የበዳዊዎች ልማድ እንደሆነ ነገረኝ።

እኔ በዚያች ሰዓት ልቤ ወደ አገር ቤት ሄደ። በኛም አገር በድሮው ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ በሰው ፊት ይቀምስ ነበር። በጽዋው ውስጥ ክፉ ነገር ቢኖር ቀድሞ የሚነካው እርሱን ነው። ስለዚህ አሳላፊ ማለት ጎንበስ ብሎ የሚቀዳ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሌላው ሕይወት የሚቀምስ ነው። ቀይ ባሕር በመካከላችን ተዘርግቶ ሳለ ሁለቱ ሕዝቦች አንድ ነገር አስበዋል፤ ይኸውም ለሰው የምትሰጠውን ነገር አስቀድመህ ቅመስ፣ የቀመስኸውንም በግልጥ አሳይ የሚል ነው።

እናንተም ከዚያ ወገን ናችሁ። የሕፃኑን ወተት በእጃችሁ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሙቀቱን የምትለኩ፣ የአሮጊቷን ሾርባ ጨው የምትቀምሱ፣ ሥጋው መሽተት መጀመሩን ከማዳም ቀድማችሁ የምታውቁ እናንተ ናችሁ። የቃና ዘገሊላን ሠርግ አስቡ። የድግሱ አለቃ ወይኑን አድንቆ ጠጣ እንጂ ምሥጢሩ አልደረሰውም፤ የደረሳቸው ጋኑን በውኃ ሲሞሉ የነበሩት አገልጋዮች ናቸው። ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ቀድሞ የሚያውቀው የሚያገለግል ሰው ነው። ይህን ዕውቀታችሁን አትናቁት፤ ኋላ ለራሳችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ዘቢብ፣ ጠጅ፣ ወይን

ወይን ለእኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የመጠጥ ነገር አልነበረም። በጎጃም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ ኋላም ዲያቆን ስሆን፣ የማውቀው ወይን ደርቆ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ዘቢብ ነው። ዘቢቡ ይታጠባል፤ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ እስኪለሰልስ ይጠበቅና ይጨመቃል። ሳይፈላ፣ ሳያሰክር፣ ጣፋጭነቱ እንዳለ ለመሥዋዕት ይቀርባል። በደማም ገበያ ያንኑ ዘቢብ በጆንያ ተከምሮ ባየሁት ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። ሻጩ ልገዛ መስሎት አንድ እፍኝ ዘግኖ «ቅመስ» አለኝ።

ወይን ጠጅም ቢሆን በአገራችን እንግዳ አይደለም። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከ70 ዓመት በላይ ጉደርንና አክሱማይትን ሲጠምቅ ኖሯል፤ ለብዙ ዘመን የመንግሥት ሆኖ ቆይቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ግል ተዛውሯል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከፈረንሳይ ያስመጣውን የወይን ችግኝ ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ጠርሙስ አውጥቷል። ጉማሬና ጅብ፣ ዘንዶም ወደ ተክሉ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። በመስመር የቆመውን ወይን እየለቀሙ የሚሸከሙት አብዛኞቹ እንደናንተ ያሉ ወጣት ሴቶች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የኛ ወይን ጠጃችን ነው፤ የጠጅም ሊቅ ሴት ናት። ማሩን በምላሷ ከየት ደጋ እንደመጣ የምትለይ፣ ጋኑን በወይራ አጥና፣ ጌሾውን መዝና፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ በሽታው ብቻ «ይህ ሁለት ቀን ይቀረዋል» የምትል። የፈረንጅ ወይን ቀማሽ በዓለም ዞሮ የሚማረውን እርሷ ከእናቷ ጓዳ ትማረዋለች። አንዲት እንዲህ ያለች ሴት አውቃለሁ፤ ታሪኳን ጥቂት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን በዚያ አገር ስላለው ስውር ጽዋ ማውራት አለብኝ።

«ጓደኛዬ» የተባለው መጠጥ

ከኾበር ዳርቻ ወደ ባሕሩ ስታዩ ረጅም ድልድይ ይታያችኋል። በኅዳር 1986 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በወዲያኛው ጫፍ ባሕሬን አለች፤ በዚያ ወይንና ቢራ በሆቴል ይሸጣል። በወዲህኛው ጫፍ ክልክል ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ንጉሥ አብዱልአዚዝ አስካሪ መጠጥ ወደ አገሩ እንዳይገባ ለውጭ ሰውም ጭምር ከለከሉ። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በሪያድ የዲፕሎማቶች ሰፈር ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች አንድ መሸጫ መከፈቱ ቢሰማም፣ እርሱ ለእናንተ የተከፈተ በር አይደለም።

ክልከላው ሲመጣ በዘህራን የዘይት ካምፕ ይኖሩ የነበሩ አሜሪካውያን በየቤታቸው ማውጣት ጀመሩ። ያወጡትንም አረቄ በዐረብኛ «ሲዲቂ» አሉት፤ «ጓደኛዬ» ማለት ነው። ሌሎቹም የወይን ጭማቂ ከሱቅ ገዝተው፣ ስኳርና እርሾ ጨምረው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቀው ወይን ጠጅ ያፈላሉ። እኔ ይህን ስሰማ ያሳዘነኝ ስሙ ነው። ከአገሩ የራቀ ሰው ጓደኛ ሲያጣ ጠርሙሱን ጓደኛዬ ይለዋል።

ይህ «ጓደኛ» ምን እንደሚያመጣ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በዓለም ጋዜጦች ሁሉ የወጣ ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ 25 ዓመት የኖረ አንድ እንግሊዛዊ አዛውንት ነበር። ካንሰር ሦስት ጊዜ ይዞት ሦስት ጊዜ ታክሞ የተረፈ ሰው ነው። በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. በጅዳ መኪናው ሲፈተሽ በቤት የተጠመቀ ወይን ተገኘበትና ተያዘ። የአንድ ዓመት እስራትና 350 ያህል ጅራፍ ተፈረደበት። ልጆቹ «አባታችን ሕመምተኛ ነው፤ ጅራፉን አይችለውም» ብለው ጮኹ፤ የአገሩ መንግሥትም ገብቶበት በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ጅራፉ ሳይነካው ተፈታ። ከዚያ ወዲህ በ2020 እ.ኤ.አ. የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጅራፍ ቅጣት በእስራትና በገንዘብ እንዲተካ ወስኗል። እስራቱና ከአገር መባረሩ ግን እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እርሱ የሚጮህለት ልጅና መንግሥት ነበረው። ከእኅቶቻችን መካከል ግን ከአሠሪ ቤት ወጥተው፣ በተከራዩት ክፍል አረቄ እያወጡ በመሸጥ የሚያዙ እንዳሉ ታውቃላችሁ። ችግሩ ይገባኛል፤ ደመወዝ ሲከለከል፣ ኢቃማ ሲቋረጥ፣ ከአገር ቤት «ላኪ» የሚለው ስልክ ሲደወል ሰው ያውቀው የነበረውን ሙያ ያስታውሳል። ነገር ግን በድብቅ የሚወጣ አረቄ ጭንቅላቱ ከጭራው ሳይለይ ይሸጣል፤ ጭራሽም ከፋብሪካ የተሰረቀ አልኮል ይቀየጥበታል። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. በኩዌት ሜታኖል የተባለው መርዝ የገባበት መጠጥ የጠጡ 160 ሰዎች ታመው 23ቱ እንደሞቱ የአገሩ ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል፤ ዐይናቸውን ያጡም ነበሩ። የሞቱት እንደናንተ ሊሠሩ የሄዱ የሰው አገር ሰዎች ናቸው። በመዳፉ ቀምሶ በሰው ፊት ያላሳየውን መጠጥ የሚሰጣችሁ ሰው ጓደኛ አይደለም፤ እናንተም ለሌላው እንዲህ ያለ አሳላፊ አትሁኑ።

የአገር ቤት ጣዕም ሲናፍቃችሁ ማርና ውኃ አሉላችሁ። ብርዝ አድርጉ፤ በጥብጣችሁ የዕለቱን በዕለቱ ጠጡት። እንዳያድር ግን፤ በዚያ ሙቀት ካደረ መፍላት ይጀምራልና።

የጠጅ ጣይዋ

እነግራችኋለሁ ያልኋችሁ ሴት በደብረ ማርቆስ ጠጅ ትጥል ነበር። የሠርግ ቤት ሁሉ ማር ከመግዛቱ በፊት እርሷን ይጠራ ነበር፤ ጣቷን ነክራ ቀምሳ «ስኳር አለበት» ካለች ነጋዴው አይከራከራትም። ባሏ ሲሞት ሁለት ልጆች ለማሳደግ ወደ ኾበር ሄደች። የምታፈላው ቡና በማዳሟ ዘመዶች ዘንድ የተመሰገነ እንደ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ደላውን ለሌላ እንደማያሰጧት አጫውታኛለች። ያች ምላስ በሰው አገርም አላሳፈረቻትም።

ከጎረቤት ቤት አንዲት የጅማ ልጅ ነበረች፤ ሙስሊም ናት። ሁለቱ የሚገናኙት ማታ ቆሻሻ ሲያወጡ ነው። አምስት ደቂቃ። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ እግራቸው ቁርጥማት ይጨዋወታሉ። በሌላው ሰዓት ደግሞ በኢሞ የድምፅ መልእክት ይላላካሉ።

ጠጅ ጣይዋ አንድ ቀን ስትታጠብ በግራ ጡቷ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ነገር እጇ ላይ ገባ። አያማትም። ስለማያማትም ተወችው። ልብ በሉ፤ የማር ስኳርን በጣት ጫፍ የምታውቅ ሴት የገዛ ገላዋን ዜና ሰምታ ዝም አለች። ለምን? ሐኪም ቤት ብሄድ ያባርሩኛል፣ ደመወዜ ይቀራል፣ ልጆቼ ከትምህርት ይወጣሉ ብላ። ሽምብራው ባቄላ እስኪያህል ስምንት ወር ደበቀችው። አንድ ማታ የጅማዋ ልጅ የቆሻሻውን ከረጢት በግራ እጇ ማንሣት እንዳቃታት አየች። አጥብቃ ጠየቀቻት፤ አለቀሰችና ነገረቻት። ያቺ ልጅ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ዕረፍት ነሣቻት፤ በየቀኑ በኢሞ «ነገርሻት?» ትላለች። በአራተኛው ቀን ነገረቻት።

ማዳም መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያም አባያዋን ደርባ ራሷ ወደ ሐኪም ወሰደቻት። ሁሉም ማዳም እንዲህ ናት አልላችሁም፤ የማያምኑም፣ የሚቆጡም አሉ። ነገር ግን የፈራችው ነገር እንደፈራችው አልሆነም። ናሙና ተወስዶ የጡት ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ከልጆቿ አጠገብ ሆና መታከም መርጣ ተመለሰች። ማዳሟ የቀረውን ደመወዟን ከፍላ ሸኘቻት። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ኬሞቴራፒም ወሰደች።

ኬሞው ከጸጉሯ በላይ ያስለቀሳት ጣዕሟን መውሰዱ ነው። ውኃው ብረት ብረት አላት፤ እንጀራው አመድ ሆነባት። ይህ በብዙ ታካሚዎች ላይ የሚደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቀስ በቀስ የሚመለስ ነገር እንደሆነ ሐኪሞች ይናገራሉ። እርሷ ግን በምላሷ የኖረች ሴት ናት። ወራት ቆይቶ አንድ የጾም ቀን የሽሮውን ጨው ስታውቅ እልል አለች፤ ልጆቿም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረዋት እልል አሉ። ዛሬ በሐኪም ክትትል ላይ ናት። ጠጅ መጣል ትታ ማር ትነግዳለች።

ወደ ደማም ስነሣ አንድ ኪሎ ነጭ ማር በአደራ ሰጠችኝ፤ ለዚያች ለጅማዋ ልጅ። በኾበር ባሕር ዳር፣ የአሠሪዎቿን ልጆች ዥዋዥዌ ስታጫውት አገኘናት። ማዳሟን አስፈቅዳ መጣች። ማሩን ስሰጣት ክዳኑን ከፍታ ጣቷን ነከረችና ቀመሰች፤ ከዚያም ጥቂት በመዳፏ ላይ አድርጋ ለልጆቹ አቀመሰቻቸው።

ለገላችሁ ቀማሽ ሁኑ

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰር ሁሉ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የማኅፀን በር ካንሰር ይመጣል። በኛ አገር ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜም በብዛት ይታያል። ስለዚህ «እኔ ገና ልጅ ነኝ» አትበሉ።

በወር አንድ ጊዜ፣ የወር አበባችሁ ከጀመረ ሳምንት ያህል ቆይታችሁ፣ ስትታጠቡ በጣታችሁ ገጽ ጡታችሁንና ብብታችሁን ዳብሱ። በመስተዋት ፊትም ቁሙ። አዲስ እብጠት ወይም ጓል፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ወይም ፈሳሽ ካያችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። አያምም ብላችሁ አትተዉ፤ ብዙ ጊዜ ሲጀምር አያምምና። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። የሚለየው ግን ሐኪም ነው። ከወር አበባ ውጭ የሚመጣ ደም ካያችሁም እንዲሁ አድርጉ።

ስለ መጠጥ ደግሞ ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም አልኮልን በ1988 እ.ኤ.አ. ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ተራ መድቦታል። ከሚያባብሳቸው አንዱ የሴት የጡት ካንሰር ነው፤ ጉሮሮና ጉበትም አሉበት። ይህ በወይንም፣ በጠጅም፣ በአረቄም ያው ነው። የዚያች ሴት ሕመም ከጠጁ መጣ ብሎ ማንም ሊፈርድባት አይችልም፤ ያልጠጡትም ይታመማሉ። ነገር ግን የሚቀንስ ሰው የራሱን አደጋ ይቀንሳል።

በሳዑዲ ያላችሁ ይህን እወቁ። ለቤት ሠራተኞች የወጣው ደንብ በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው አሠሪ የጤና መድን እንዲገባላቸው ታዟል። ስለ ጤና ምክር የሚጠየቅበት ስልክ 937 ነው፤ አምቡላንስ የሚጠራው በ997 ነው። ቁጥሮቹን በስልካችሁ ላይ ጻፏቸው።

ወደ አገር ቤት ለምትመለሱም መንገድ አለ። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን በጅማና በሐረርም ተጨምሯል። ልጁን ማቴዎስን በደም ካንሰር ያጣው አባት አቶ ወንዱ በቀለ በ2004 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ታካሚዎችን ይረዳል። አገር ቤት ሴት ልጅ ያለቻችሁ ደግሞ በስልክ ጠይቁ፤ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። «ክትባቱን ወሰድሽ?» የሚለው ጥያቄ ከምትልኩት ብር አያንስም።

ጓደኛ ማን ነው?

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በሰው አገር ያለች ሴት ብዙ ነገር ትደብቃለች፤ እንባዋን ከልጆቿ፣ ድካሟን ከማዳም፣ ናፍቆቷን ከራሷ። መደበቅ ልማድ ሲሆን የሚገድለውንም አብራ ትደብቃለች። ያ እንግሊዛዊ ወይኑን ደበቀ፤ ጠጅ ጣይዋ እብጠቱን ደበቀች። እርሱን ከእስር ያወጡት የጮኹለት ልጆቹ ናቸው፤ እርሷን ከሞት አፋፍ የመለሰቻት በየቀኑ «ነገርሻት?» ያለቻት ልጅ ናት።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ «ሲዲቂ» የሚለውን ስም ለጠርሙስ አትስጡት፤ ለሰው ስጡት። በግንቡ ወዲያ ያለችውን አንዲት እኅት እወቁ፤ ሃይማኖቷን፣ ብሔሯን አትጠይቁ። በወር አንድ ቀን ወስኑና «ዳበስሽ?» ተባባሉ። አንዷ «አዎ፣ አንድ ነገር አለ» ካለች ሌላዋ እንቅልፍ አትውሰድ። የቀመሳችሁትን መራራ ነገር በመዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ለምታምኗት ሰው አሳዩ። እንዲህ ማድረግ አያሳፍርም፤ አሳላፊውም ይህን ያደርግ የነበረው በታላቅ ግብር መካከል፣ ሁሉም እያየው ነው።

በሰላም ሠርታችሁ፣ በጤና ወደ ልጆቻችሁ ለመመለስ ያብቃችሁ።